ለአንድ ሥራ ብቻ የለየሁት ኮር ለምን ይቋረጣል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ስምንት ኮር፣ ማለትም የፕሮሰሰር የማስሊያ ክፍል፣ የሚያሳይ ማሽን አለኝ። አንድ ፕሮግራም ከ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ የሚመጡትን ፓኬቶች ካርዱን በቀጥታ በሚያነብ ዲፒዲኬ በተባለ የፕሮግራም መሣሪያ በኩል ይቀበላል፤ ኢንተራፕት፣ ማለትም ኮሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ምልክት፣ አይጠብቅም፣ ካርዱን ያለ ዕረፍት እየጠየቀ ነው የሚሠራው። ይህን ፕሮግራም ማንም እንዳይነካው ብዬ ሊኑክስ ሲነሣ ከኮር 4 እስከ ኮር 7 ያሉትን በአይሶልሲፒዩስ መለኪያ ለየሁ፤ ተቀባዩን ትሬድም (ፕሮግራሙ በውስጡ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው ሥራዎች አንዱን) ኮር 4 ላይ አሰርኩት። ይሁን እንጂ በፕሮክ ማውጫ ሥር ያለውን የኢንተራፕት ሠንጠረዥ ስመለከት የኮር 4 የታይመር ቁጥር በየሰከንዱ በ250 ያድጋል፤ በየደቂቃው ገደማ ደግሞ ጥቂት ፓኬቶች ይጠፋሉ። ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት፣ ውጣ ብዬው አልወጣም። ስለዚህ አይሶልሲፒዩስ ስሙ እንጂ ሥራው የለም ማለት ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ምላሾቹ

አርሙኝ ያልኩት ለጨዋነት ነበር፤ ትክክል ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን ምላሾች ተራ ቁጥራቸውን ጠብቄ ከዚህ በታች እተርካቸዋለሁ። ክር የሚለውን ቃል ለውይይቱ ትቼ የፕሮግራሙን ትሬድ እለዋለሁ፤ አለዚያ ሁለቱ ይተበተቡብናል።

የምላሽ 1 ጸሐፊ ሰላምታ አስቀድመው፣ ከርነሉን የጠየቅኩት ሌላ፣ ከእሱ የጠበቅኩት ሌላ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። አይሶልሲፒዩስ የሚያደርገው ኮሩን ስኬጁለሩ ሥራ ከሚያከፋፍልበት ክልል ማውጣት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ተራ ፕሮግራም በራሱ ወደዚያ ኮር አይመጣም። ታይመሩ፣ የመሣሪያዎች ኢንተራፕትና ለየኮሩ የታሰሩት የከርነል ትሬዶች ግን በዚህ አይነኩም። ከርነሉ እንደ ተሠራበት ምርጫ በሰከንድ 100፣ 250 ወይም 1000 ጊዜ በየኮሩ ብቅ እያለ ሰዓቱንና ተራውን ያያል፤ የእኔው 250 ላይ የተሠራ ስለሆነ ያየሁት ቁጥር እንዲያው የተለመደው ነው። በመጨረሻም የከርነሉ ሰነድ ይህን መለኪያ ጊዜው ያለፈበት ብሎ እንደሚፈርጀውና በምትኩ ኮሮችን በቡድን የሚከፍለውን ሲፒዩሴትን እንደሚመክር አስታወሱኝ።

ምላሽ 2 ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን እሱ ነው። በሲስ ማውጫ ሥር የኮር 4ን አደረጃጀት የሚገልጸውን ፋይል ከፍቼ መንትያዎቹ እነማን እንደ ሆኑ እንዳይ ብቻ ጠየቀኝ። ስከፍተው 0,4 ይላል። ማሽኔ ስምንት ኮር የለውም፤ ያለው አራት ነው፤ እያንዳንዱ በሃይፐር-ትሬዲንግ ሁለት ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ ደግሞ በተከታታይ አልተሰጠም፤ ከ0 እስከ 3 የአራቱ ኮሮች የመጀመሪያ ገጽ ናቸው፣ ከ4 እስከ 7 የእነዚያው የራሳቸው ሁለተኛ ገጽ። ስለዚህ ለየኋቸው ያልኳቸው አራቱም ከቀረው ሲስተም ጋር አንድ የማስሊያ ክፍልና አንድ የቅርብ ካሽ ይጋሩ ነበር። ኮር 0 ሲሠራ ኮር 4 ይዘገያል፤ ለዚህ ኢንተራፕት እንኳ አያስፈልግም። ለብዙ ወራት የለየሁት አንድም ኮር አልነበረም ማለት ነው።

ምላሽ 3 በዚሁ ተስማምቶ የራሱን ገጠመኝ አከለ። አራት ኮር ለይቶ አራት ትሬድ ያለው ፕሮግራም ታስክሴት በተባለው ትእዛዝ ለአራቱም ይፈቅድና ያስነሣዋል፤ ሥራው ግን ከተጠበቀው አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ይሄዳል። ሲያየው አራቱም ትሬዶች በመጀመሪያው ኮር ላይ ተደራርበው ሦስቱ ኮሮች ሥራ ፈት ተቀምጠዋል። ከማከፋፈያው የወጣ ኮር ላይ የሚያከፋፍል የለም፤ እያንዳንዱን ትሬድ ለየብቻ ማሰር የፕሮግራሙ ባለቤት ሥራ ነው። በመክፈቻው ላይ አንዱን ትሬድ ብቻ አስሬ ሌሎቹን ስላልጠቀስኩ፣ እነርሱስ የት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ሲገባኝ መሽቶ ነበር።

ምላሽ 4 ረጅም ነው፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩትም እሱን ነው። ጸሐፊው ቲኩን፣ ማለትም ያንን በየሰከንዱ 250 ጊዜ የሚመጣውን የታይመር መቋረጥ፣ የሚያቆመው ኖኸርዝ ፉል የተባለው ሌላ መለኪያ መሆኑን ከታሪኩ ጀምረው አስረዱ። በ2013 ከሊኑክስ 3.10 ጋር መጣ፤ የሚሠራውም በኮሩ ላይ ለመሮጥ የተዘጋጀ አንድ ሥራ ብቻ ሲኖር ነው፤ ሁለተኛ ከመጣ ስኬጁለሩ ተራ ማስያዝ ስላለበት ቲኩ ይመለሳል። ሲጀመር ቲኩ ጨርሶ አይጠፋም፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ይቀር ነበር፤ ያም ቀሪ በ2018 በ4.17 ወደ ሌላ ኮር ተዛወረ። ሌላ ኮር ሲሉ የጓዳ ሥራ የሚሠራ ኮር ብለው ሰየሙት፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ፣ የዘገዩ የከርነል ሥራዎችን የሚወስድ ቢያንስ አንድ ኮር ሳይለይ መቅረት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ኮር 0 ነው። ሲጨርሱ ዋጋውንም አልሸሸጉም፦ ቲኩ በሌለበት ኮር ላይ ከርነሉ የፕሮግራሙን መውጫና መግቢያ ሁሉ መመዝገብ ስላለበት እያንዳንዱ ሲስተም ኮል ይከብዳል። በየጊዜው ከርነሉን የሚጠራ ፕሮግራም በዚህ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም።

ምላሽ 5 አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ፕሮግራሙ በየደቂቃው ምን ያደርጋል? መልስ አልሰጠሁትም። የማይገናኝ መሰለኝ።

በምላሽ 6 የክሩ መንፈስ ተለወጠ። ጸሐፊው እስካሁን የተባለውን ሁሉ ጨርቅ በጨርቅ ላይ መለጠፍ ብሎ አጣጣለና መፍትሔው የሪል-ታይም ከርነሉ፣ ፕሪኤምፕት አርቲ፣ ብቻ እንደ ሆነ ደመደመ፤ ምላሽ 4ን በስም ሳይጠራም ረጅም ጽሑፍ ዕውቀትን አይተካም አለ። ምላሽ 7 ወዲያው አረመው። ፕሪኤምፕት አርቲ ለዓመታት ከዋናው ከርነል ውጭ ሲጠበቅ ኖሮ በ2024 በ6.12 ዋናው ውስጥ መግባቱን ካስታወሰ በኋላ፣ የእሱ ሥራ አንድ አስቸኳይ ትሬድ ሲነቃ የሚጠብቀውን ረጅሙን ጊዜ ማሳጠር ነው፤ የእኔ ተቀባይ ትሬድ ግን አይተኛም፣ ስለዚህም አይነቃም ሲል ጻፈ። የማይተኛን ሰው ቶሎ ቀስቅሱት ማለት ምን ይረባል ማለቱ ነው። ቃሉ ሸካራ ነበር፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 8 በዚሁ መሐል የገባ ገጠመኝ ነው። ጸሐፊዋ በአሮጌ ከርነል ላይ ለተቀባዩ ትሬድ ከፍተኛውን የፊፎ (የሪል-ታይም) ቅድሚያ ሰጥታው ነበር፤ ውጤቱ በየሰከንዱ ልክ 50 ሚሊሰከንድ የሚዘልቅ ዝምታ ሆነ። ከርነሉ ሪል-ታይም ሥራዎች ከእያንዳንዱ 1,000,000 ማይክሮሰከንድ 950,000ውን ብቻ እንዲወስዱ የሚያደርግ ልጓም በነባሪነት አለው። ልጓሙን ፈታችው። ከሰዓታት በኋላ ግን ከዚያ ኮር ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ይሰቀሉ ጀመር፤ ለኮሩ የታሰረች አንዲት የከርነል ሠራተኛ ትሬድ ተራ አጥታ፣ እርሷን የሚጠብቀው ሁሉ ከእርሷ ጋር ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ቅድሚያውን ተራ አድርጋ ኮሩን ብቻዋን ለፕሮግራሙ መስጠት እንደሚበቃት ጻፈች።

ምላሽ 9 ሒሳብ ሠራልኝ፤ ይህን በዝርዝር ማስቀመጥ እወዳለሁ። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ ትንሹ ፓኬት 64 ባይት ነው፤ በፓኬቶች መካከል ያለው ክፍተትና መነሻ ምልክቱ 20 ባይት ይጨምራሉ። ስለዚህ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ሊመጣ ይችላል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ 67.2 ናኖሰከንድ ነው። የመቀበያ ወረፋዬ 1,024 ቦታ ስላለው፣ ፕሮግራሙ ጨርሶ ቢቆም ወረፋው የሚሞላው ከ69 ማይክሮሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። አንድ ቲክ ሦስት ማይክሮሰከንድ ቢወስድ የሚጠራቀመው 45 ፓኬት ያህል ነው፤ ወረፋው ይሸከመዋል። የምላሽ 8 ዝምታ ግን 744,000 ፓኬት ነው፤ እሱን የሚሸከም ወረፋ የለም። ስለዚህ የታይመሩ ቁጥር ዓይን ይስባል እንጂ ፓኬቶቼን የሚጥለው እሱ ሊሆን አይችልም ሲል ደመደመ።

ምላሽ 10 የእኔ ነው። ኮር 2ንና ኮር 3ን ለየሁ፤ መንትያዎቻቸው 6 እና 7 ሥራ እንዳይሰጣቸው አጠፋኋቸው፤ ትሬዶቹን አንድ በአንድ አሰርኩ፤ ኖኸርዝ ፉልን ጨመርኩ። ታይመሩ በኮር 2 ላይ ቆመ ማለት ይቻላል፤ የአንድ ዙር ጊዜም ይበልጥ የተረጋጋ ሆነ። ፓኬቶቹ ግን አሁንም በየደቂቃው ይጠፋሉ። ይህን የጻፍኩት ምላሽ 9ን ለመደገፍ ነበር፤ ዛሬ ሳነበው ቅሬታ ይመስላል።

ምላሽ 11 ቅዳና ለጥፍ የሚል ዝርዝር ይዞ መጣ፦ ወደ አሥር የሚጠጉ የቡት (ሊኑክስ ሲነሣ የሚነገሩ) መለኪያዎች፣ አንዱም ማብራሪያ የለውም። ሥራ ፈት ኮሮች ከመተኛት ይልቅ እንዲሽከረከሩ የሚያደርገው አለበት፤ ከርነሉ የሰዓት ምንጩን እንዳይመረምር የሚያደርገው አለበት፤ በ2018 መጀመሪያ ለታወቁት ለስፔክተርና ለሜልትዳውን የተሠሩትን መከላከያዎች በጠቅላላ የሚያነሣውም አለበት። ምላሽ 12 ይህን የመጨረሻውን ሲያይ አልታገሠም። ከውጭ ፓኬት በሚቀበል ማሽን ላይ መከላከያ አንሣ ብሎ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው አለ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ እርስዎ እያለ የጀመረው ሰው በሦስተኛው አንተ ላይ ደርሶ ነበር። ምላሽ 11 ማሽኑ ዝግ መረብ ውስጥ ሊሆን ይችላል ብሎ ራሱን ሊከላከል ሞከረ፤ ያንን እኔ አልነገርኩትም። ሦስት ምላሽ የሚሆን ቦታ በዚህ ጠፋ፤ አልተርከውም።

ከዚያ ጭቅጭቅ የተረፈው ምላሽ 16 ነው። ጸሐፊው በእርጋታ፣ ያለ ዕረፍት የሚጠይቅ ኮር ስለማይተኛ የማስተኛ መለኪያው እሱን ጨርሶ እንደማይመለከተው አሳየ። የሚመለከተው ሌሎቹን ነው፤ እነርሱ በከንቱ ሲሽከረከሩ ኃይልና ሙቀት ይወስዳሉ፣ ፕሮሰሰሩም ለሚሠራው ኮር ሊሰጠው የነበረውን ተጨማሪ ፍጥነት ይነፍገዋል። ፈጣን ይሆን ዘንድ የተጨመረ መለኪያ ዘገምተኛ አደረገው ማለት ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ከዝርዝሩ አራቱን ወስጄ አስገብቼ ነበር፤ ይህም አንዱ ነው።

ምላሽ 17 ከርእሱ የወጣ መሰለኝ፤ አሁን ሳየው ግን ከክሩ ምርጡ ነው። ጸሐፊው ነገሩ ከእኛ በፊት በሱፐርኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ጩኸት ተብሎ ይታወቅ እንደ ነበር አነሡ። በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የነበረው አስኪ ኪው የተባለ ሱፐርኮምፒውተር 8,192 ፕሮሰሰሮች ነበሩት፣ በእያንዳንዱ ኖድ (አብረው ከሚሠሩት ማሽኖች በአንዱ) አራት አራት። በ2003 በታተመው ጥናት ተመራማሪዎቹ በየኖዱ አራቱንም ከመጠቀም ሦስቱን ብቻ መጠቀም በትልቅ መጠን ሲሮጥ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አገኙ። ምክንያቱ አራተኛው ፕሮሰሰር የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ትናንሽ ሥራዎች ስለሚሸከም ነው። በአንድ ኖድ ላይ ያ መቋረጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ሺህ ኖዶች በየጥቂት ሚሊሰከንዱ እየተጠባበቁ ሲሄዱ፣ በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቦታ ላይ አንዱ ይቋረጣል፣ ሁሉም የዘገየውን ይጠብቃል። ጩኸቱን በማስወገድ ብቻ፣ አንድም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፣ የአንዱን ፕሮግራም ፍጥነት በእጥፍ ገደማ አሳደጉት። ጸሐፊው ያሰመሩበት ግን ሌላ ነገር ነው፦ እነዚያ ሰዎች መጀመሪያ የሠሩት ፕሮግራሙ ምን ያህል መፍጠን እንደ ነበረበት ማስላት ነው፤ ጎደሎውን ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ምላሽ 18 ኢንተራፕትን ማቋረጫ እንበለው ወይስ አቋራጭ የሚል ነው። አቋራጭ መንገድ ይመስላል ተብሎ በሌላ ሰው ተሰረዘ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ምላሽ 19 የመሣሪያዎችን ኢንተራፕት አስታወሰን። አይአርኪው ባላንስ የተባለው አገልግሎት የበተናቸውን ወደ ጓዳው ኮር መመለስ ቀላል ነው፤ የኤንቪኤምኢ ዲስኮች ግን ለየኮሩ አንድ ወረፋ ስለሚከፍቱ ኢንተራፕታቸውን የሚያስቀምጠው ከርነሉ ራሱ ነው፣ ተጠቃሚው ሊያዛውረው ቢሞክርም አይቀበለውም። ለዚህ በ2020 በ5.6 ለአይሶልሲፒዩስ ተጨማሪ ቃል ታክሎለታል። ጊዜው ያለፈበት የተባለው መለኪያ አዲስ ቃል ሲታከልለት ማየት የሚያስቅ ነው፤ ምላሽ 1ም ተመልሰው ይህን በፈገግታ ተቀበሉ። ሲፒዩሴት በ2022 ከ6.1 ጀምሮ ኮሮችን ማሽኑን ሳያስነሡ መለየት ያስችላል፣ ቲኩን ማቆም ግን አሁንም በቡት ጊዜ መነገር ያለበት ስለሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ ብለው ክርክሩን ዘጉት።

ምላሽ 20 ሰዎች ሁሉ መድኃኒት ሲያዙ በሽታውን የለካ አለመኖሩን በቁጣ ጠየቀ። ኦኤስኖይዝ የተባለው መከታተያ በ2021 ከ5.14 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ ኮሩን ይዞ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ፣ የጎደለውን ጊዜ ኢንተራፕት ወሰደው ወይስ ትሬድ ወይስ ከሲስተሙ በታች ያለ ነገር ብሎ ይከፋፍላል። ከሲስተሙ በታች ሲል ባዮሱ፣ የማሽኑ መነሻ ሶፍትዌር፣ የሚጠቀምበትን ኤስኤምአይ የተባለ ኢንተራፕት ማለቱ ነው፤ እሱ ሲገባ ከርነሉ ራሱ መቋረጡን አያውቅም፣ የትኛውም የቡት መለኪያም አይከለክለውም። ፕሮግራሜን አቁሜ ኦኤስኖይዝን ኮር 2 ላይ ለአንድ ሰዓት አስኬድኩ። ኮሩ ጸጥ ያለ ነው። ፕሮግራሙን ሳስነሣ ደግሞ የኢንተራፕት ሠንጠረዡን በየሰከንዱ እየቀዳሁ አንዱን ቅጂ ከሌላው ቀነስኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ምንም የለም፤ በስልሳኛው የኮር 2 የቲኤልቢ (ኮሩ የሜሞሪ አድራሻ ትርጉም የሚያስቀምጥበት) ረድፍ በአንድ ጊዜ በ400 ገደማ ዘለለ።

ምላሽ 5 የጠየቀው ይህንን ነበር። ፕሮግራሜ ውስጥ፣ በጓዳው ኮር ላይ የሚሮጥ የሎግ ጻፊ ትሬድ አለ፤ የሎግ ፋይሉን በትናንሽ ቁራጭ ወደ ሜሞሪ እያመጣ ይጽፋል፣ ደቂቃው ሲሞላ ፋይሉን ለውጦ የአሮጌውን ቁራጮች አንድ በአንድ ይለቃል። ምላሽ 21 የቀረውን ሞላው፦ የአንድ ፕሮግራም ትሬዶች አንድ የአድራሻ ካርታ ስለሚጋሩ፣ አንዱ ቁራጭ ሲለቅ ሌሎቹ ኮሮች የያዙትን የአድራሻ ትርጉም እንዲጥሉ መነገር አለባቸው፤ በኤክስ86 (በኢንቴልና በኤኤምዲ) ፕሮሰሰሮች ይህ የሚደረገው ከኮር ወደ ኮር በሚላክ ኢንተራፕት ነው። በ64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ ዕቃው ራሱ ስለሚያሰራጨው ተቀባዩ ኮር አይቋረጥም ነበር። አራት መቶው ኢንተራፕት እየተከታተለ ሲገባ ወረፋው በመካከሉ የማገገሚያ ጊዜ አያገኝም፤ 69 ማይክሮሰከንዱ እዚያ አለቀ። ከርነሉ አልበደለኝም። ውጣ ያልኩት ከርነል በራሴ ፕሮግራም ተጠርቶ ነው የገባው።

ሎግ ጻፊውን የራሱ ካርታ ያለው ሌላ ፕሮግራም አደረግኩት፤ ከተቀባዩ ጋር የሚያገናኛቸው አንዴ ተከፍቶ የማይዘጋ የጋራ ሜሞሪ ነው። በማግስቱ ጠዋት የኮር 2 የቲኤልቢ ረድፍ ማታ በተውኩት ቁጥር ላይ ነበር፣ የጠፉ ፓኬቶች ቆጣሪም 0። ምላሽ 22 ብዬ ይህን ለጥፌ ምላሽ 5ን ይቅርታ ጠየቅኩ። መልሱ እንደ መጀመሪያው አንድ መስመር ነበር፦ ያስገባኋቸውን መለኪያዎች አንድ በአንድ እያወጣሁ እንድለካ። በጠቅላላ ሰባት ነበሩ። አርሲዩ የተባለውን የከርነል የጽዳት ሥራ ወደ ሌላ ኮር የሚያዛውረው፣ ኖኸርዝ ፉል ያንን በራሱ ስለሚያደርገው፣ ወጣ፤ የምላሽ 11 አራቱም ሲወጡ ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም። አሁን የቀሩት አይሶልሲፒዩስና ኖኸርዝ ፉል ናቸው፤ ዛሬ ማታ ኖኸርዝ ፉልንም አውጥቼ አያለሁ፤ እንደ ምላሽ 9 ሒሳብ ከሆነ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።